ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ ከተለያዩ የዎርድፕሬስ ቴምፕሌቶች ሲሠራ

በድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ የድረ ገጹን ይዘት ሁሉ በአንድ ረጅም ገጽ ውስጥ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስልክ ቁጥር ሊቀይር የገባ የድርጅቱ ሠራተኛ ሳያውቅ የሌላውን ክፍል አቀማመጥ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ እኔ እያንዳንዱን ክፍል ራሱን የቻለ ገጽ ማድረግን እመርጣለሁ።

«ስለ እኛ»፣ «አገልግሎቶች» እና «አድራሻ» በመነሻ ገጹ ሥር ይፈጠሩና የየራሳቸው ቴምፕሌት (የገጹን አቀማመጥ የሚወስን ፋይል) ይመደብላቸዋል። የመነሻ ገጹ ቴምፕሌት በደብልዩፒ ኩዌሪ (WP_Query፣ ገጾችን ከዳታቤዝ ፈልጎ የሚያመጣ የዎርድፕሬስ መሣሪያ) በቅደም ተከተላቸው ይጠራቸውና የእያንዳንዱን ፋይል በሎኬት ቴምፕሌት (locate_template፣ የቴምፕሌት ፋይል ፈልጎ የሚጭን የዎርድፕሬስ ፈንክሽን ወይም ትእዛዝ) ያስገባል። ይህ ፈንክሽን ካልተነገረው በቀር አንድን ፋይል አንዴ ብቻ ስለሚጭን፣ ሁለት ክፍሎች አንድ ቴምፕሌት ሲጋሩ ሁለተኛው ሳይታይ ይቀራል፤ ለፈንክሽኑ የሚሰጠው ሦስተኛው ግቤት «ፎልስ» (false፣ ሐሰት) መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሜኑው የሚያመለክተው የክፍሉ መለያ (በአድራሻው ውስጥ የሚገባው ስም) ልዩ ትኩረት ይሻል። ዎርድፕሬስ የገጹን መለያ ከርዕሱ ሲያወጣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ወደ 9 ምልክቶች ይለውጠዋል፤ የተፈቀደው ርዝመት 200 ምልክት በመሆኑም ከ22 ፊደል የሚበልጥ ርዕስ ይቆረጣል። አጭር የላቲን መለያ በእጅ መጻፍ እጅግ ይሻላል።

የክፍሎቹ ቴምፕሌቶች ሄደርና ፉተር (የድረ ገጹን የላይና የታች የጋራ ክፍሎች) መጥራት የለባቸውም። ይሁን እንጂ ገጾቹ የየራሳቸው አድራሻ ስላላቸው፣ ከጉግል በቀጥታ የመጣ ጎብኚ ሜኑና ቅርጽ የሌለው ጽሑፍ እንዳያጋጥመው እያንዳንዱን አድራሻ በመነሻ ገጹ ላይ ወዳለው ክፍል በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) ማዞር ያስፈልጋል።