ቀስ እያለ የሚተነፍሰው ጎማ

ሦስት ወር ሙሉ ንፋስ ሳስሞላ ከረምኩ። የመኪናዬን የኋላ ቀኝ ጎማ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አስሞልቼው በሳምንቱ 24 ሆኖ ይጠብቀኛል። ምስማር የለ፣ ቀዳዳ የለ። በደሴ ብርድ አሳበብኩ፤ ብርድ ግን አንዱን ጎማ መርጦ አያስተነፍስም። "ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ክተትበት" ያላለኝ ሰው የለም።

ዛሬ ለሥራ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ገና ሳልጨርስ "ቸርኬው አሉሚኒየም ነው አይደል? አብሽር ልጄ" አሉኝ። የሳሙና ውሃ ቀቡት። ቫልቮላው ደህና ነው። ጎማው ከቸርኬው የሚገጥምበት ዙሪያ ግን ደቃቅ አረፋ ያወጣል፣ ልክ እንደሚፈላ ሽሮ!

ጎማው ሲወልቅ ጉዱ ታየ። የቸርኬው ጠርዝ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ዱቄት መስሏል። ለካ አሉሚኒየምም ይዝጋል፤ እንደ ብረት አይቀላም እንጂ። እርጥበት በቀለሙ ሥር ገብቶ ይበላዋል፣ ሸካራው ላይ ጎማው ገጥሞ አይቀመጥም። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈገፈጉት፤ ማሸጊያ ቀብተው መለሱት።

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ ለካሁት፤ 34። ሞቆ ነው፣ ልኩ የሚታወቀው ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው። የፊት ግራውንም ዛሬ በጥርጣሬ እያየሁት ነው።