ጭራቅ መሳል ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ

የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ጥርስና ጥፍር ስስል ነው ያሳለፍኩት። ደብተሩ ሞላ፣ ግን አንዱም አያስፈራም። አራት ኪሎ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለጓደኛዬ ሳሳየው «ቆይ፣ ይሄ ማንን ነው የሚበላው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ስለዚህ እርሳሱን አስቀምጬ ማየት ጀመርኩ። የጃፓኑን የፊልም አውሬ ጎድዚላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ፊልም አይቼው አላውቅም ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ቢኪኒ በሚባሉ የፓስፊክ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር አመዱ 23 ሰዎች በያዘች የጃፓን ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ዘነበ፤ ፊልሙም የሚጀምረው መርከብ ሲጠፋ ነው። እኔን የያዘኝ ግን አውሬው አይደለም። ምክር ቤቱ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ነገሩ ለሕዝብ ይፋ አይሁን ይላል፣ ሴቶቹ ደግሞ እውነቱ ይነገር ብለው ይጮሁበታል። እዚያ ጋ እያቆምኩ ደጋግሜ አየሁት።

እኛ ደግሞ ዘንዶው አርዌ አለን። ንጉሥ ነበር ይባላል፣ ሕዝቡም ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። ሥዕሌን የቀየረው ይሄ «ይገብርለት» የሚለው ቃል ነው። አውሬ ብቻውን አይነግሥም። ተራ የሚያስይዝ አለ፣ ልጅቷን ይዞ የሚሄድ አለ፣ በሩን ዘግቶ ዝም የሚል አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ሳይም አሁን ዓይኔ የሚያርፈው ከፈረሱና ከዘንዶው ይልቅ ብሩታዊት ላይ ነው፤ እሷን እኮ ለዘንዶው የሰጣት የገዛ አገሯ ሰው ነው።

የዚህ ወር ሥራዬ ጅብ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ወረቀት አንድ ቢሮ ስመላለስ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲሉኝ፣ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው አህያ ከልቤ ገባችኝ። ስለዚህ ጅቡን ከመስኮቱ ጀርባ አቆምኩት፣ አፉን ዘግቼ። ከፊቱ ረጅም ሰልፍ፣ በየሰዉ እጅ ፋይል። ያስቸገረኝ ጀርባው ነው፤ የኋላ እግሩ አጭር ስለሆነ ጀርባው ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ይህን ካልያዛችሁ ውሻ ነው የሚሆንባችሁ።

የቀረኝ ሰልፉን የሚያስተካክለው ሰውዬ ነው። አራት ጊዜ ስዬ አራት ጊዜ አጠፋሁት፣ ክፉ ሰው እየመሰለ አስቸገረኝ። እኔ የምፈልገው ጎረቤቴን እንዲመስል ነው።