ግርማ ሌሊት

ሐምሌ 18 ለ19 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት ከማታ ጀምሮ የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ማታ ትንሽ አተኩሷት ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ሽሮፕ ሰጥቼ አስተኛኋት። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የአልጋው መንቀጥቀጥ ነው። የስልኬን መብራት ሳበራ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል። እጅና እግሯ ይርገፈገፋል። ጠራኋት፤ አትሰማኝም።

እውነቱን ልጻፍ። ያኔ አልጸለይኩም። ለሌላ ሰው ሲሆን "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ" ማለት ይቀናኛል። ለራሴ ሲሆን "ኧረ ገብርኤል!" ከማለት ሌላ የወጣኝ ነገር የለም፤ እሱም ጩኸት ነበር። ክብሪት ፍለጋ ተሯሯጥኩ። አያቴ እንዲህ ያለ ሰው ስታይ ክብሪት ጭራ ታሸትተው ነበርና። ጥርሷ መሃል የማስገባው ማንኪያም ፈለግሁ። ደግነቱ በጨለማው አንዱንም አላገኘሁም።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ገላዋ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ያን ሌሊት ጋላፊ አካባቢ ነበር፣ ስልኩ አይሠራም። በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ታክሲ አይታሰብም። ከማዶ ጅብ ይጮሃል። ብሎካችን ውስጥ መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የናቲ አባት። ከእኛ ሥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ሚኒባስ ይነዳል።

ችግሩ፣ ከእነ ናቲ ጋር ከፋሲካ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ጴንጤ ናቸው። ገና ሳይነጋ መዝሙር ይከፍታሉ፣ ወለላችን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ደረጃው ላይ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ "አምላካችሁ ጆሮው አይሰማም እንዴ?" አልኳት የናቲን እናት። ዝም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ፣ የጠበሉን ሃይላንድ በብብቴ ይዤ ወረድኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ግን እጄ አልነሳ አለኝ። ጨለማውን ረስቼዋለሁ፣ ጅቡንም። ያንን በር ግን ፈራሁት። ልጄ እቅፌ ውስጥ እየነደደች እኔ "ምን ይሉኛል" እያልኩ ቆሜያለሁ! ይህን ስጽፍ እንኳን ያሳፍረኛል። "ጌታዬ፣ እኔ አስቀይሜያቸዋለሁ፤ አንተ ክፈተው" አልኩ። የዚያ ሌሊት ጸሎቴ ይቺው ናት። ጉልበቴ እየተብረከረከ አንኳኳሁ።

የናቲ አባት በቁምጣ ወጣ። የጋቢውን ጫፍ ገልጦ አያት። "ውረጂ፣ መኪናዋን ላስነሳ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። የናቲ እናት እግሬን ስታይ ባዶ ነው። ሸበጧን አስቀመጠችልኝና ሻርፕ ደርባ አብራን ወጣች።

ጣፎን አልፈን ወደ አያት ስንሄድ ከሩቅ ማሕሌት ይሰማል። ለካ ሐምሌ ገብርኤል ነው። መልአኩ ከሚፈላ ጋን ያዳናቸው የቂርቆስና የኢየሉጣ በዓል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እናቲቱ የሚፈላውን ጋን ስታይ ትፈራለች፤ የሚያደፋፍራት የሦስት ዓመት ልጇ ነው። ሁልጊዜ ልቤ ልጁ ላይ ነበር። ያን ሌሊት ግን ከእናቲቱ ጋር ቀረሁ። ቅድስት የምንላት ሴት ልታፈገፍግ ነበር እኮ። ይህን ሰባኪዎች ቶሎ ያልፉታል።

የናቲ እናት ከጎኔ በቀስታ ታነበንባለች፤ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር…"

"ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል" አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። "መዝሙር 91ን ታውቂዋለሽ?"

"90 ነው" አልኳት።

በዚያ ሁሉ ጣጣ መሃል! በእኛ ዳዊት 9 እና 10 አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል። የናቲ አባት ከፊት ሆኖ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። "ከሌሊት ግርማ" የሚለው ጋ ስንደርስ አያቴ ትዝ አለችኝ። ማታ በር ስትዘጋ "ከግርማ ሌሊት ይሰውረን" ትል ነበር። እኔ ጅብ ማለቷ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አትቸኩልም። ትኩሳት ያመጣው መንቀጥቀጥ ነው አለችን። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ ሰዓት ያዢ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሩጪ። የትኩሳቱም ምንጭ ጆሮዋ ሆኖ ተገኘ።

"ክብሪቱስ?" አልኳት።

"ክብሪቱን ለምድጃሽ" አለችኝ።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ልጄ ቤቱን እያተራመሰችው ነው። እነ ናቲም ዛሬ ሳይነጋ መዝሙራቸውን ከፍተዋል። እውነት ለመናገር አሁንም ያናድደኛል።

ማታ የናቲን አባት ደረጃ ላይ አገኘሁት። "ሃይላንድሽ መኪናዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ጠበል ነው መሰለኝ። ምን ላድርገው?" አለኝ።

"ይቀመጥ" አልኩት። "ሂሳብ አይከፍልም እንጂ ቦታም አይፈጅም።"