ለአሮጌዋ ፎርራነር ጋንቾ

ሁለቴ ታጥቤም ዝገቱ ከእጄ አልለቀቀም። ጥፍሬ ሥር የገባውን እንዳለ ትቼ ይኼን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ካደረ ዝርዝሩ ይጠፋኛል።

መኪናዋ የ1999 ሞዴል ቶዮታ ፎርራነር ናት፣ ባለ 3.4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር። ሚኒሶታ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ገዛኋት። ሁለቱም ልጆቼ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገቡት በእሷ ነው። ሞተሯ ዛሬም አንድ ቁልፍ አይፈልግም። ችግሯ ከሥር ነው። እዚህ አገር በበረዶው ወራት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ላይኛውን ቀለም ሳይነካ ሻንሲውን፣ መኪናዋ የቆመችበትን የብረት አጽም፣ ከውስጥ ይበላል። ከላይ ሲያዩዋት ቆንጆ ናት፤ ከሥር ግን ዕድሜዋን ትናገራለች።

ጋንቾ፣ ማለትም ተሳቢ የሚያያዝበት መጎተቻ፣ ያስፈለገን ባለቤቴ በዚህ በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ምግብ መሸጥ ስለጀመረች ነው። ድንኳን፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ የእንጀራው ሳጥን፣ የወጡ ድስቶች። በአንድ ዙር አይገባም፤ ሌሊት ተነስተን ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን። አንድ ወዳጃችን ጓሮው የቆመች 5 በ8 ጫማ የሆነች ትንሽ ተሳቢ ነበረችውና ውሰዱ አለን። ባዶዋን 700 ፓውንድ ያህል ትመዝናለች፤ ዕቃችን ሁሉ ቢጫን ከ1,700 አታልፍም። የመኪናዋ መጽሐፍ እስከ 5,000 ፓውንድ ትጎትታለች ይላል። ያ ቁጥር የተጻፈው ግን ሻንሲው አዲስ ሳለ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወስጄ ጠየቅኩ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሥሯን እንኳ ሳያይ ዋጋ ነገረኝ። ዋጋው አልከበደኝም፤ አለማየቱ ነው ያስፈራኝ። እኔ ከኋላ የማስረው ነገር ቢላቀቅ የሚመታው ከኋላዬ ያለውን ቤተሰብ ነው። እዚያው ቆሜ ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ።

ቡሎን ከመንካቴ በፊት ሁለት ምሽት በምርመራ አለቀ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጥኳትና ትንሽ መዶሻ ይዤ ሻንሲውን ከኋላ ጫፍ ጀምሬ እየመታሁ ሄድኩ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮሃል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ አክሱ በላይ በቀኝ በኩል ድምፁ ሲለወጥ ልቤ ቀጥ አለ። ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ አራገፍኩና በካቻቪቴ ጫፍ ባለ በሌለ ኃይሌ ወጋሁት። አልገባም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ብረት ወፍራምና ደህና ነው። ካቻቪቴው ቢገባ ኖሮ ጋንቾውን መልሼ ተሳቢዋንም አመስግኜ እመልስ ነበር፤ ይኼን ከመጀመሪያው ለራሴ ቃል ገብቼበት ነው የጀመርኩት።

የገዛሁት ጋንቾ ሦስተኛ ክፍል የሚሉት ነው፣ ባለ 2 ኢንች አራት ማዕዘን ቀዳዳ። ተሳቢ የሚያያዝባትን ኳስ ፓራውልት (የኋላ መከላከያ) ላይ የሚያስሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በዚህች ዕድሜዋ አልሞክረውም። ይኼኛው የሚታሰረው ከሻንሲው ግራና ቀኝ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ በሻንሲው ውስጥ የተበየዱ ዳዶዎች አሉ፣ ቡሎኑ እነሱ ውስጥ ይገባል። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አወረድኩ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የተንጠለጠለባቸውን የላስቲክ ማሰሪያዎች በሳሙና ውኃ አሽቼ አወለቅኩና ዝቅ አደረግኩት። ዳዶዎቹን ሦስት ሌሊት ዘይት አጠጣኋቸው፤ ጥርሳቸውን በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ።

ግራው ጎን በሰላም ገባ። ቀኙ ላይ ሁለተኛውን ቡሎን ግማሽ እንዳደረስኩት ቁልፉ በድንገት ቀለለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ሳዞረው ይዞራል፣ ወደ ኋላም ይዞራል፣ ግን አይጠብቅም አይወጣምም። ብየዳው ለቆ ዳዶው ሻንሲው ውስጥ አብሮ እየዞረ ነው። ጀርባዬን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ፣ ዝገት ዓይኔ ላይ እየረገፈ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ ነው የሠሩት። ደወልኩላቸው፤ ሻይ እንኳ ሳይጨርሱ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ካርቶን አንጥፌላቸው ተኙበት።

«ጋሼ፣ ይተዉት ልብስዎ ይቆሽሻል» አልኳቸው።

«ዝም በልና መብራቱን ወደዚህ አድርግ» አሉኝ።

የቡሎኑን ራስ በመፍጫ ቆረጥነው። ውስጥ የቀረውን ከነዳዶው፣ በሻንሲው ጎን ባለው ሞላላ ቀዳዳ በኩል በማግኔት ጎትተው አወጡት። ከዚያ ያሳዩኝን ነገር አልረሳውም። ቀጭን የብረት ሽቦ ጫፉን ጠምዝዘው እንደ ስፕሪንግ አደረጉት፤ የተጠመዘዘውን ጫፍ ከሥር በቡሎኑ ቀዳዳ አስገብተው በሞላላው ቀዳዳ አወጡት። አዲሱን ቡሎን ጥርሱን በተጠመዘዘው ጫፍ ላይ አሰሩ፣ ከራሱ ሥር ወፍራም የብረት ሰሌዳ አደረጉለት፤ ከዚያ ሽቦውን ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ቡሎኑ ሻንሲው ውስጥ ሄዶ ሄዶ በቀዳዳው ጥርሱን ብቅ አደረገ። ከታች ሮንዴላና ዳዶ ገባለት። ከፋብሪካው ይልቅ ይኼኛውን አምናለሁ አሉ። እኔም አምናለሁ፤ ሰሌዳው ሸክሙን ሰፋ ባለ ብረት ላይ ይበትነዋል፣ ብየዳ ደግሞ የለበትም። ሁሉንም መመሪያው ባለው ልክ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ አጠበቅናቸው። የተፈጨውን ቦታ ዝገት መከላከያ ቀባሁት።

የመብራቱ ሥራ ይቀላል ብዬ ነበር። ከመኪናዋ ወደ ተሳቢዋ የሚሄዱት አራት ሽቦዎች ናቸው፦ ቡናማው የፓርኪንግ፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን፣ ነጩ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል የሚመለስበት። ፎርራነሯ ፍሬንና ፍሬቻን በየራሱ አምፖል ታበራለች፤ ተሳቢዋ ሁለቱንም በአንድ አምፖል ነው የምታሳየው። ስለዚህ መሃል ላይ ሁለቱን የሚያዋህድ ትንሽ ሳጥን ይገባል። አስገባሁ፤ ግራ ፍሬቻ ሳበራ ሁሉም መብራት ደብዘዝ እያለ አብሮ ይንቦገቦጋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳጥኑን ስጠረጥር ቆየሁ። ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ነጩን ሽቦ ያሰርኩት ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት፣ መልሼ አሰርኩት፣ መብራቱ ቦግ አለ።

ማታ ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ እዚያ ነግቷል። አባባ ሾፌር ነበሩ። ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ወደብ ይመላለሱ ነበር፣ በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ፤ ከዚያ ጅቡቲ ሆነ። በቪዲዮ ጋንቾውን ከሥር አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ ብዙ ጠየቁኝ። ስፒናው (የጋንቾው መቆለፊያ ብረት) ማሰሪያ አለው? ሰንሰለቱ የት ይታሰራል? ሁለቱ ሰንሰለቶች ከሥር ተሻግረው መታሰራቸውን፣ ጋንቾው ቢወልቅ የተሳቢዋ አንገት መንገድ ላይ ሳይወድቅ መሃላቸው እንደሚያርፍ ሳሳያቸው ዝም አሉ።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። ከመንገድ ሲመጡ እኛ ሮጠን በር ላይ ቆመን እየጠበቅናቸው፣ እሳቸው መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞረው ስፒናውን በእጃቸው ዳብሰው ነበር ወደ እኛ የሚመጡት። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ትናንት ማታ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ማዳበሪያ ጭነው ከአሰብ ሲመለሱ፣ ባቲን አልፈው ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ በድንገት ቀለላቸው። በመስተዋት ሲያዩ ተሳቢው ብቻውን ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ረዳታቸው ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደ፣ ከጎማው ሥር አስገባው፣ ተሳቢው ቆመ። ሰው አልተጎዳም፤ የረዳታቸው ሁለት ጣት ግን እዚያ ቀረ። የስፒናው ማሰሪያ ጠዋት ተረስቶ ነው። «እኔ ነኝ የረሳሁት» አሉኝ። በእኔ ዕድሜ ይኼን ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ቁልፉ በድንገት ቀለለኝ» ብዬ ቅድም ስለ ዳዶው ያወራኋቸው ትዝ አለኝና መናገር አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት አሸዋ በከረጢት ጭኜ ከመኖሪያ ሰፈራችን ሳልርቅ 20 ማይል ያህል ነዳሁ። ከጭነቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶው ኳሷ ላይ ማረፍ አለበት፤ አሸዋውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አብዝቼው ስለነበር ተሳቢዋ ጭራዋን ትወዘውዝ ነበር። ቆሜ ወደ ፊት አመጣሁት፣ ረጋች። ስመለስ ቡሎኖቹን እንደገና ለካሁ፤ የግራው ፊተኛ ትንሽ ዞሮ ጠበቀ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ባለቤቴ ከእንግዲህ አንድ ዙር ብቻ እንደምንሄድ ሲገባት አንድ ሰዓት እንቅልፍ አገኘሁ ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ከሰዓት ከወፍራም ጣውላ ሁለት ታኮ ቆርጬ ፎቶውን ለአባባ ላክሁላቸው። ኮምቦልቻ ሌሊት ቢሆንም ወዲያው ደወሉ።

«ገመድ አስርባቸው» አሉኝ። «ሲወጣም ሲገባም በገመዱ ነው። ረዳትህ እጁን ጎማ ሥር እንዳይከት።»

ቅዳሜ ረዳቴ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። ሁለቱንም ታኮ በሳሁና ክንድ ሙሉ ገመድ አሰርኩባቸው።