ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በቡና ማሳ ላይ

ዛሬ ከጀጎል ግንብ ወጥተን በሐረር ዙሪያ በሚገኝ የአንድ አባት የቡና ማሳ ላይ ዋልን። ወደ ሐረር የሚመጣ እንግዳ አምስቱን ጥንታዊ በሮችና ማታ ማታ የሚመገቡትን ጅቦች አይቶ ይመለሳል እንጂ፣ የከተማዋን ስም በዓለም ገበያ ያስጠራውን ገበሬ ብዙም አያየውም።

የሐረር ቡና በአብዛኛው አይታጠብም፤ ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ከነገለፈቱ በፀሐይ ይደርቃል። አባት አንዱን እሸት በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አድርገው፣ የሚያሟልጩትን ሁለት ፍሬዎች መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ቅመሺው ልጄ፣ ይጣፍጣል» አሉኝ። እውነትም ይጣፍጣል። የተሰጣው ግን ጠቁሮና ተጨማዶ፣ በእፍኜ ይዤ ስነቀንቀው ይንሿሿ ነበር። ባለቤታቸውም ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ በወተት አቀረቡልን፤ ከዚያ ቤት ሳልጠጣው ብወጣ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

የማሳው ግማሽ ጫት ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይጠበቃል፣ ምርቱም በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ የአወዳይ ገበያም ቅርብ ነው። ስለዚህ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለን ገበሬ ለመውቀስ አንደበቴ አልታዘዘኝም፤ የጉብኝቱ ክፍያ በቀጥታ በእኚህ አባት እጅ መግባቱ ከልብ ያስደሰተኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ልንሰናበት ስንል ወደ ጓሮ ወስደው፣ በዋንዛ ጥላ ሥር በክረምቱ የተከሏቸውን የቡና ችግኞች አሳዩን።