የቀኑ ፀሐይ 20 ሴንቲሜትር ሲወርድ

ጅማ፣ ጥር

በጥር ጠራራ የአፈሩ ገጽ በጣም የሚግለው ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲባል ያው ሙቀት ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ 20 ሴንቲሜትር ላይ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰው ቤቱ ገብቶ የማታውን ቡና ሲጠጣ የቀኑ ፀሐይ ከደጅ ገና ቁልቁል እየወረደ ነው። ከሙቀት ልኬት ተነስቶ የአፈሩን ጠባይ፣ ማለትም ሙቀትን እንዴት እንደሚያስተላልፍና እንደሚይዝ፣ ወደ ኋላ ማስላት የሚቻለው ከዚህ መዘግየትና በየጥልቀቱ ከሚታየው መዳከም ነው።

የስኮትላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ፎርብስ እ.ኤ.አ. በ1837 ኤድንብራ ላይ ቴርሞሜትሮች ቀብሮ ነበር፤ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ኬልቪንም በኋላ በንባባቸው ይህንኑ ስሌት ሠርቷል። እነሱ የተጠቀሙት የበጋና የክረምቱን፣ የዓመቱን የሙቀት ሞገድ (ከፍ ዝቅ ማለት) ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የዓመቱ ሞገድ ደካማ ነው። ለእኛ ያለን የዕለቱ ሞገድ ነው፤ እሱም ስለ ላይኛው ግማሽ ሜትር እንጂ ከዚያ በታች ስላለው አይነግረንም።

የሙቀት መለኪያ ሴንሰሮቹ ዲኤስ18ቢ20 (DS18B20) የሚባሉት ዓይነት ቢሆኑ ይበቃል፤ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋቸዋል። በፋብሪካው መግለጫ ስህተታቸው እስከ 0.5 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ከመቅበር በፊት ሁሉንም አንድ ላይ አስሮ ውሃ ባልዲ ውስጥ ማሳደርና ልዩነታቸውን መዝግቦ መቀነስ ያስፈልጋል። በፈላ ውሃ ማስተካከል የሚያስብ ካለ፣ በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አይርሳ።

ጉድጓዱን ከላይ ሰርስሮ ሴንሰር መጣል ትልቁ ጥፋት ነው። ጎኑን ቆፍሮ፣ ባልተነካው ግድግዳ ላይ አግድም መሰካት ይገባል። ገመዱም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር አግድም ሄዶ ነው ወደ ላይ መውጣት ያለበት፤ አለዚያ መዳቡ ራሱ ሙቀት ወደ ሴንሰሩ ያወርዳል። በሁለቱ ሴንሰሮች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በ10 ሴንቲሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር መሳት መልሱን 20 በመቶ ያህል ያዛባል፤ ርቀቱ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ይባዛልና። ገመዱን ምስጥ እንዳይበላው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል።

ስሌቱን በቁጥር ላሳይ። 10 ሴንቲሜትር ላይ የሞገዱ ስፋት (ሙቀቱ ከዕለቱ አማካይ ከፍ የሚልበት መጠን) 4.0 ዲግሪ፣ 20 ላይ 1.7 ዲግሪ ቢሆን፣ የአንዱ ለሌላው ድርሻ 2.35፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 0.855 ነው። 0.0000727ን (የቀኑን ሞገድ ፍጥነት፣ በራዲያን በሰከንድ) በርቀቱ ካሬ (100 ሚሊሜትር በ100 ሚሊሜትር) እናባዛና ለ0.855 ካሬ ሁለት እጥፍ እናካፍለው፤ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር በሰከንድ ይወጣል። ይህ ዲፊዩሲቪቲ (የሙቀት ለውጥ በአፈሩ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዛመት የሚነግር ቁጥር) ነው፤ አስተላላፊነት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እለዋለሁ፦ የሙቀት ልኬት ብቻውን አስተላላፊነትንና ሙቀት የመያዝ አቅምን ለያይቶ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የሁለቱን ድርሻ ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም እንዲፈልግ ቢታዘዝ አንድ መልስ ይዞ ይመጣል፤ መልሱ ግን መነሻ ግምቱን ተከትሎ ይቀያየራል።

ስለዚህ አፈሩ መመዘን አለበት። በ100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቀለበት የተወሰደ ናሙና እርጥቡ 145 ግራም፣ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት ደርቆ 110 ግራም ቢመዝን፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙ 1.10 (በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያለው ደረቅ አፈር፣ በግራም) በ0.85 እና 0.35 (ውሃው) በ4.18 ተባዝተው ሲደመሩ 2.4 ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትር በኬልቪን ይሆናል። በ0.5 ሲባዛ አስተላላፊነቱ 1.2 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው።

መዘግየቱንም ለብቻው ማስላት ግዴታ ነው፤ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ቢሆን ያንኑ 0.5 ይሰጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ ችግር አለ። ዝናብ ሲዘንብ ቁልቁል የሚሰርገው ውሃ ሙቀት ይዞ ይወርዳል፤ ያኔ ከስፋቱ የሚገኘው ቁጥር ያብጣል፣ ከመዘግየቱ የሚገኘው ግን ብዙም አይነካም። በኔ ግምት ሐምሌ ላይ ከሚለካ ወር ሙሉ ውሂብ ይልቅ ደመና የሌለባቸው አምስት የጥር ቀናት ይበልጣሉ።

የቀን ሞገዱ ሳይን (እኩል የሚወጣና የሚወርድ ለስላሳ ሞገድ) ካልመሰለ የላይኛውንና የታችኛውን ሴንሰር እንደ ወሰን ወስዶ፣ በመካከላቸው የሚቀበረውን የሦስተኛ ሴንሰር ሙቀት በኮምፒዩተር አስልቶ ከልኬቱ ጋር ማስማማት ነው። በ1 ሴንቲሜትር ክፍተት በቀላሉ መንገድ (ቀጣዩን ሙቀት ካለፈው በቀጥታ በማውጣት) ለሚያሰላ፣ ዲፊዩሲቪቲው 0.5 ሲሆን የጊዜ እርምጃው ከ100 ሰከንድ፣ 1.0 ሲሆን ደግሞ ከ50 ካለፈ ቁጥሩ ይፈነዳል፤ እኔ 40 እወስዳለሁ። ዲፊዩሲቪቲውን ከ0.2 እና ከ1.0 ሁለት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቦታ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። የቀረው ልዩነት ከሴንሰሩ ትንሹ የንባብ እርከን፣ ከ0.06 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲደርስ ማቆም ነው። ልዩነቱ በየ24 ሰዓቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢያንስም አይታመንም፤ ወይ ጥልቀቱ ተሳስቷል፣ ወይ በሴንሰሮቹ መካከል የአፈሩ ዓይነት ተቀይሯል፣ ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ግድግዳውን ማየት ያስፈልጋል።