ከምርምሩ ጀርባ ያሉት

ስለ ሉፐስ በሽታ ምርምር ሲወራ ስሙ የሚነሳው የፕሮፌሰሩ ነው። ዛሬ ግን ከታማሚዋ እህቴ ጋር ዩኒቨርሲቲው የጥናት ክፍል ስውል ዓይኔ ያረፈው ነርሷ ላይ ነው። የእህቴን ክንድ እየዳበሰች ደም ሥር ስትፈልግ "ጣቶችሽ ጠዋት ጠዋት አሁንም አልታዘዝ ይሉሻል?" አለቻት። የባለፈውን አልረሳችም! ደሙን የተቀበለው የላብራቶሪ ልጅ ቱቦዎቹን ቀስ አድርጎ ገለባበጣቸው፤ በስም ፈንታ የቁጥር መለያ ለጠፈና ሴሎቹ ሳይበላሹ ለመድረስ ሮጠ። ከፊሉ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ዛሬ ላልታሰበ ጥያቄ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ደግሞ የታማሚ ፊት አታይም፤ መድኃኒት ሠራ አልሠራ የሚለየው ግን በእሷ ስሌት ነው። (እሷን ማን ያመሰግናታል?)

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ የሚዞርበት በሽታ ነው፤ ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. ቤሊሙማብ የተባለው መድኃኒት እስኪፈቀድ ከ50 ዓመት በላይ አዲስ የሉፐስ መድኃኒት አልጸደቀም። በ2021 ጀርመን፣ ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች የአንዲትን ወጣት የራሷን የመከላከያ ሴሎች ቀይረው መልሰው ሰጧት፤ በሽታው ጋብ አለላት።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱን ለእኛም ትነግሩናላችሁ አይደል?" ነርሷ የእህቴን ስልክ ቁጥር መዘገበች።